ጉዳዩ፦ ስለ 3ኛ እና 4ኛ ፎቅ የኔትወርክ ስዊቾች (ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኙት ሣጥኖች) ቅሬታ ስለማቅረብ

ለቴክኒክ ድጋፍ ክፍል

በሁለቱ ፎቆች የሠራችሁልንን የኔትወርክ ሥራ ታሪክ እናንተው ስለምታውቁት አልደግመውም። የምጽፈው ስለ ማክሰኞ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ቴክኒሺያን እንደሚመጣ በስልክ ቃል ተገባልኝ። «በእኔ ይሁንብሽ» ነው የተባልኩት። 3 ሰዓት አለፈ፣ 5 ሆነ። ደወልኩ። ያነሳው ልጅ «ሪስታርት አድርጋችሁታል?» አለኝ። «አራት ጊዜ» አልኩት። «እንግዲያው ኬብሉ ነው» አለ። ኬብሉን ባለፈው ሳምንት የቀየራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ከፍለንበታል፤ ደረሰኙም እጄ ላይ ነው። ይህን ብነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እህቴ፣ ፒንግ ካደረገ ሠርቷል ማለት ነው። የሚያናግረኝ ወንድ የለም እንዴ እዚያ?»

የለም። አይቲው እኔ ነኝ።

ፒንግማ ያደርጋል፤ አንዱ ሌላውን ሲጠራው መልስ ያገኛል። ግን ከ3ኛ ወደ 4ኛ ፎቅ አንድ ትልቅ ፋይል እስኪሄድ አቦል ተጠጥቶ ቶና ይደርሳል። ተናድጄ ራሴ ስዊቹ ውስጥ ገባሁ። ሎጉ (የስዊቹ መዝገብ) በየደቂቃው «የዱፕሌክስ አለመጣጣም» እያለ ይጮኻል። ዱፕሌክስ የመላክና የመቀበል ስልት ነው፤ ፉል ከሆነ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ ሃፍ ከሆነ በተራ። ባለሙያችሁ የ3ኛ ፎቁን ፖርት (የኬብሉን መሰኪያ) 100 ሜጋ ፍጥነትና ፉል ዱፕሌክስ ላይ ቆልፎ፣ የ4ኛውን አውቶ ላይ (ከወዲያኛው ጋር ራሱ እንዲስማማ) ትቶታል። አውቶው ከተቆለፈው ፍጥነቱን ይለያል፤ ዱፕሌክሱን ግን የሚነግረው ስለሌለ ሃፍ ላይ ይቀመጣል። አንዱ ተራ ሲጠብቅ ሌላው ዝም ብሎ ይልካል። ለዚህ ነው 4ኛ ፎቅ ላይ ሌት ኮሊዥን (ዘግይቶ የሚፈጠር የመረጃ ግጭት)፣ 3ኛ ላይ የሲአርሲ ስህተት (ተበላሽቶ የደረሰ መረጃ) የሚቆጠረው። ኬብሉ ምን አደረገ?

አላስተካከልኩትም። የሰጣችሁኝ የይለፍ ቃል ለማየት ብቻ ነው። ዋናውን «ሥራው ሲያልቅ» ብላችሁ ነበር፤ የካቢኔቱን ቁልፍም እንደዚሁ። ኬብሎቹ ላይ እስካሁን ምልክት የለም። ግድግዳውንም በስታችሁ ሳትደፍኑት ሄዳችኋል፤ ይህንንስ ችዬው ነበር።

ስለዚህ በትሕትና፣ እስከ ዓርብ 11 ሰዓት ሁለቱም ፖርቶች አውቶ ላይ ይደረጉልን። ዋናው የይለፍ ቃልና ቁልፉ ይሰጠን። ያለጥፋቱ ለተቀየረው ኬብል የከፈልነው ይመለስ። ይህ እስኪሆን የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅም፤ ፋይናንስ ክፍላችን ደብዳቤው ደርሶታል። ማክሰኞ ያናገረኝ ልጅም ራሱ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቀኝ።

የሚመጣው ሰው ለቀዳዳው ትንሽ ጀሶ ይያዝ።

ከሰላምታ ጋር
የቢሮው የአይቲ ባለሙያ