ወንዝ ሽቅብ አይፈስም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ በሮክ ክሪክ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ስላሉት የሩጫ መንገዶች ያወጣችሁትን ዘገባ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በደስታ፣ ቀጥሎ በጥርጣሬ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ባለቤቴ «ኧረ ተወው፣ ደም ግፊትህ ይነሳል» እያለችኝ። አልተውኩትም። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ነገሬ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ዘጋቢያችሁ (በዕድሜ ልጄ ስለምትሆን «እርስዎ» ባልላት ቅር አይበላት) ለጀማሪ የመረጠችው መንገድ ከፒርስ ሚል (ከድሮው የውሃ ወፍጮ) ተነስቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሜሪላንድ ወሰን የሚሄደውን ነው። ጥሩ ምርጫ ነው። ከዚያ ግን «ወንዙ ከጎንዎ አብሮዎት ስለሚወርድ ጉዞው ቁልቁለት ነው፤ ጉልበት አይጠይቅም» ብላ አረፈችው።

አብሮኝ? ወደ ሰሜን? ሮክ ክሪክ የሚነሳው ሜሪላንድ ውስጥ ሌይተንስቪል አካባቢ ነው። 33 ማይል ያህል ተጉዞ፣ ዲሲን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሰንጥቆ፣ ጆርጅታውን አጠገብ ፖቶማክ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ ከሚሉ ወደ ሰሜን የሚሮጥ ሰው ወንዙን ፊት ለፊት እየተቀበለ ነው የሚሄደው። ውሃው ይወርዳል፣ ሰውየው ይወጣል። ይህን ለማወቅ ጂኦግራፊ መማር አያስፈልግም። ሽሮ ሜዳ ያደግን ልጆች በክረምት ከእንጦጦ የሚመጣው ጎርፍ ወዴት እንደሚሄድ ፊደል ሳንቆጥር እናውቅ ነበር። ሽቅብ የሚፈስ ወንዝ እስከ ዛሬ አላየንም፤ እናንተ ጋ ከተገኘ ከሩጫው ይልቅ እሱ ዜና ነው።

«ምን አለበት፣ ሰሜንና ደቡብ መሳሳት ነው» ትሉኝ ይሆናል። የጽሕፈት ስህተት ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን አይደለም፤ አንቀጹ በሙሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። «ቁልቁለት ነው» የተባለ ጀማሪ ከመነሻው ይፈተለካል። ብሮድ ብራንች መንገድ መገናኛ ጋ ሲደርስ ሸለቆው መጥበብ ይጀምራል፣ ግራና ቀኙ ገደል ይሆናል፣ ወንዙም ከቋጥኝ ቋጥኝ እየዘለለ ይንጫጫል። እንዲያ የሚንጫጫው በከንቱ አይደለም። ጠንካራው የፒድሞንት ድንጋያማ ምድር አልቆ ወደ ባሕር የሚያመራው ለስላሳ ሜዳ የሚጀምርበት መስመር ላይ ስለሆነ ውሃው እዚያ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ነው የሚወርደው። ውሃ ደረጃ በሚወርድበት ቦታ ሯጭ ደረጃ ይወጣል። አስፋልቱ ቀስ እያለ ስለሚነሳ ዓይን አያየውም፤ ጉልበት ግን ያየዋል። ሚሊተሪ ሮድ ድልድይ ሥር እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ የሚቆም ጀማሪ በየሳምንቱ አያለሁ። ከእንግዲህ ጋዜጣችሁን በእጁ ይዞ ይቆማል ማለት ነው።

ወንዙን ተከትሎ የሚሄደውን አስፋልት፣ ቢች ድራይቭንም፣ «የባህር ዳርቻ መንገድ» ብላችሁታል። እዚያ ባሕር የለም። መንገዱ የተሰየመው ላንሲንግ ቢች በሚባል የጦር ሠራዊት መሐንዲስ ነው። በዚህ አያያዛችሁ ቡሽን «ቁጥቋጦው ፕሬዚዳንት» ሳትሉት መቅረታችሁ ደግ ነው። እግርን ወንዙ ውስጥ ነከር አድርጎ ማቀዝቀዝ የሚለው ምክርም ይቅር፤ ውሃው ውስጥ መዋኘትም ሆነ መግባት ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባክቴሪያ የተነሣ ክልክል ነው።

«ቫሊ ትሬይል» (የሸለቆ ዱካ) የሚባለው የእግር መንገድ ስሙ እንደሚለው ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል ያለችውን ግን እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም። ሸለቆ የሚለው ስሙ ብቻ ነው። በወንዙ ምሥራቅ በኩል ሰማያዊ ቀለም የተቀባባቸውን ዛፎች እየተከተለ አንዴ ውሃው ድረስ ያወርዳል፣ ወዲያው ኮረብታው ራስ ላይ ይሰቅላል፣ እንደገና ያወርዳል። እኔ በዚህ መንገድ ላይ ጉልበቴን ሰጥቻለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት በጥቅምት መጨረሻ፣ ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አድሮ ቅጠሉ እንደ ሳሙና ሆኖ ሳለ፣ ከአንዱ ቁልቁለት ላይ ግራ እግሬ ሸሸኝ። ቅጠሉ ሥር የተደበቀ የዛፍ ሥር ነበር፣ የክንዴን ያህል የሚወፍር። ተንከባልዬ የቆምኩት አንድ ዛፍ አቅፌ ነው (ዛፉንም «ቢች» ይሉታል፣ ከመንገዱ ስም ጋር ግን ዝምድና የለውም)። ፍቅረኞች ስማቸውን በቢላዋ የቀረጹበት ዛፍ ነበር፤ ከ«ጄ» እና ከ«ኤም» ጋር ፊት ለፊት ተያይተን ብዙ ቆየን። ከዚያ አንድ እግሬን እየጎተትኩ ወደ መኪናዬ ወረድኩ፤ አምስት ሳምንት ሥራ አልገባሁም። ታክሲ ነጂ አምስት ሳምንት ሲቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢዎቻችሁ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ታዲያ ያ መንገድ «ሜዳ» ነው ስባል ጉልበቴ ራሱ ተነስቶ ደብዳቤ ካልጻፍኩ አለ።

አሁን ወደ እውነተኛው ቅሬታዬ ልምጣ። አንድ ሰው ወንዙ ወዴት እንደሚፈስ የሚሳሳተው ሁለት ነገር ሳያደርግ ሲቀር ነው፤ ሳይሮጥና ሳይጠይቅ። አለመሮጧን አልፈርድባትም፣ ሁሉም ሰው ይሩጥ የሚል ሕግ የለም። ግን ማንን ጠየቀች? ዘገባው ውስጥ የሩጫ ክለብ አባል አለ፣ ውሻውን የሚያስሮጥ ጠበቃ አለ። የድሮው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት አለ፤ ቦልደር ብሪጅ አጠገብ ጠፋበት ለሚባለው የወርቅ ቀለበት ሙሉ አንቀጽ ተሰጥቶታል። ከመቶ ዓመት በላይ ለጠፋ ቀለበት አንድ አንቀጽ! እኛ በየሳምንቱ እዚያው ድልድይ ላይ የምናልፈው፣ ያውም በአማርኛ ጋዜጣ፣ ያገኘነው እንዲህ የሚል ነው፦ «የአበበ ቢቂላ ልጆች የሆንን እኛ ሀበሾች ደግሞ ቅዳሜና እሁድ በሽርሽር ቦታዎቹ ጥብስ እየጠበስን ፓርኩን እናደምቃለን።»

ከአበበ ቢቂላ ተነስታ ጥብስ ላይ ለማረፍ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃት። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ከሮጠው ሰው እስከ ከሰል ማራገቢያው ድረስ መሐል ላይ ማንም የለም?

እኔ ጥብስ አልጠላም። የልጄን ልደት እዚያው ፓርክ ውስጥ በጥብስ አክብሬያለሁ፣ ጭሱም እስከ ዛሬ ከጃኬቴ አልወጣም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በዚህ ከተማ ሀበሻ ወይ ሜዳሊያ ነው ወይ ጥብስ። ፈረንጁ ዱካ ላይ ሲያገኘኝ «ከየት ነህ?» ይላል፤ «ኢትዮጵያ» ስለው ሰዓቱን አስተካክሎ ከኋላዬ ይከተለኛል፤ አሠልጣኝ ያገኘ መስሎት። ሁለተኛው ዳገት ላይ ጥሎኝ ሲያልፍ ፊቱ ላይ የማየው ሐዘን ሐዘን ነው እንዴ? ለኃይሌና ለደራርቱ ያዘነ ነው የሚመስለው። እኔ 58 ዓመቴ ነው፤ አንዱን ማይል በ11 ደቂቃ ከሮጥኩ ለራሴ ቡና እጋብዛለሁ። ከፈረንጁስ ይህን እታገሣለሁ። ከራሴ ጋዜጣ ግን?

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ማን እንዳለ ልንገራችሁ። ስምንት እንሆናለን፣ ብርድ ሲበረታ አምስት። አንዷ ነርስ ናት፤ የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ የሆስፒታል መታወቂያዋ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ትመጣለች፣ በጫማ ቅያሬ ብቻ ትነሳለች። ሁለት የፓርኪንግ ሠራተኞች አሉ። አንድ ጋሼ የምንላቸው አባት አሉ፤ ሰባ ሊሞላቸው ነው፣ በጾም ቀን እንኳ ውሃ ሳይቀምሱ ቀድመውን ይደርሳሉ። የቢች ድራይቭን ሰሜናዊ ክፍሎች ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየቀኑ ለመኪና ከዘጉ ወዲህ (በ2022 ቋሚ አድርገውታል) ደስታችን ልክ የለውም። ሃያ ስምንት ዓመት በዚህ ከተማ መሪ ስይዝ ማንም «ታክሲ!» ብሎ የማይጮህብኝ ቦታ ያገኘሁት እዚያ ብቻ ነው። ስንጨርስ ሚሉ አጠገብ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተደርድረን ከአንድ ፌስታል ቆሎ እንዘግናለን። ሽንብራውን የሚለቅመው ማን እንደሆነ ስለምናውቅ ፌስታሉን እሱ ጋ መጨረሻ ላይ ነው የምናደርሰው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ይህንኑ በአጭሩ ጽፌ ከፎቶ ጋር ለዝግጅት ክፍላችሁ ልኬ ነበር፤ ሌላም ሰው ይምጣ ብዬ። «ደርሶናል» የሚል እንኳ አላገኘሁም። በዚያው ወር የሦስት ምግብ ቤቶች ምረቃ በባለቀለም ገጽ አነበብኩ። ጥብስ ወንዙንም እኛንም የሚቀድመው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ዘጋቢዋ ላይ ክፉ አልመኝም። እንዲያውም ቅዳሜ ትምጣ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ፒርስ ሚል መኪና ማቆሚያው ጋ። ሰዓቱ የሀበሻ ነው፣ ቀጠሮው ግን አይደለም። ራፒድስ ብሪጅ የሚባለው ድልድይ ላይ ስንደርስ ቆም ብላ አንድ ደረቅ ቅጠል ውሃው ላይ ትጣል። ቅጠሉ ወደ ሜሪላንድ ከወጣ በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ቁርሱም በእኔ ነው። ወደ ሚሉ ከወረደ ግን ማረሚያ አውጡልኝ። የጥብሱን መስመር አትንኩት፣ ይቆይ፤ ከበላዩ ስለ ሯጮቹ አንድ መስመር ይጨመርበት። ወንዙ ያለበት ዓረፍተ ነገር ላይ ደግሞ «ቁልቁለት» የሚለው «ዳገት» ተብሎ ይነበብ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቅዳሜ ሯጭ
ዋሽንግተን ዲሲ