ዳኒ፣ ፑሌጃውን ለመቀየር አትቸኩል

ውድ ወንድሜ ዳኒ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ። ሳንጻጻፍ ብዙ ቆየን። አንተም በሥራህ፣ እኔም በኑሮዬ ተወጥረን ዓመታት አለፉ። ግን ከሐሳቤ ወጥተህ አታውቅም። ስለ ዝምታው ብዙ ማውራት አልፈልግም። አሁን የምጽፍልህ የምሥራች ስለሰማሁ ነው።

እህትህ ደውላ ካዲላክ ሲቲኤስ-ቪ መግዛትህን ነገረችኝ። ባለ አራት በሩን፣ የሁለተኛውን ትውልድ፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየረውን። ከልቤ ደስ አለኝ! ልጆች ሳለን በደብተር ጀርባ መኪና ስንሥል አንተ ሁልጊዜ አራት በር ታደርግበት ነበር። «ቤተሰብም ይጭናል፣ ይበርራልም» ትለኝ ነበር። ያልከው መኪና ይኸው እጅህ ገባ።

አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ሱፐርቻርጀር የምታዞረውን ትንሿን ፑሌጃ ማዘዝህንም ነገረችኝ። መጀመሪያ ጉልበቱን ልትጨምር ነው አሉ። ዳኒዬ፣ ፑሌጃዋ ስትመጣ ከነካርቶኗ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣት። መግጠሙ አይቀርም፤ ግን ተራዋ ገና ነው። ለምን እንደሆነ በደንብ ላስረዳህ።

የያዝከው መኪና ደካማ አይደለም። 6.2 ሊትር ቪ8 ነው፣ ኤልኤስኤ የሚባለው። ከፋብሪካ ሲወጣ 556 የፈረስ ጉልበት አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጆን ሃይንሪሲ የተባለው የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ ይህንኑ ሞዴል ጀርመን አገር ባለው ኑርበርግሪንግ የውድድር መንገድ ላይ ነድቶ ዙሩን በ7 ደቂቃ ከ59.32 ሰከንድ ጨርሷል። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ኩርባው የማያልቅ መንገድ ነው። ያን ዙር ጉልበት ብቻውን አይጨርሰውም። ፍሬኑ፣ ጎማው፣ አሞርዛቶሩና ማቀዝቀዣው አብረው ስለሠሩ ነው። እኔ የምልህም ይህን ሚዛን እንዳታፈርሰው ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ሞተርህ ላይ የተቀመጠው ሱፐርቻርጀር ኢተን የተባለው ኩባንያ የሠራው ነው። አንድ ጊዜ ሲዞር 1.9 ሊትር አየር ያስገባል። የሚዞረው ከሞተሩ በቺንጋ ተስቦ ነው። የላይኛውን ፑሌጃ ስታሳንሰው ሱፐርቻርጀሩ በተመሳሳይ የሞተር ዙር የበለጠ ይፈጥናል፣ አየሩም የበለጠ ይታመቃል። ግን አየር ሲታመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ ስትነፋ ፓምፑ እጅህን እንደሚያቃጥለው ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ሱፐርቻርጀር ደግሞ ከሚመቸው ፍጥነት በላይ ሲዞር ጉልበት ከመጨመር ይልቅ ሙቀት መጨመሩ ይብሳል።

የጋለ አየር ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ይሳሳል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያንሳል። ሁለተኛው የሚብሰው ነው፦ ቤንዚኑ ከብልጭታው ውጪ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ሞተሩ ያንኳኳል ማለት ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን የሚሰማበት ሴንሰር አለው። ሲሰማ የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገያል፤ ሞተሩ ይድናል፣ ጉልበቱ ግን ይወርዳል። የገባው አየር ሲግልም ማንኳኳቱን ሳይጠብቅ ቀድሞ ያዘገያል። ለዚህ ነው ብዙ የኤልኤስኤ ባለቤቶች «መጀመሪያ ስረግጠው ይበርራል፣ ደጋግሜ ስረግጠው ግን ይደክማል» የሚሉት። መኪናው አልደከመም፤ ሞቆት ነው። ፑሌጃ ብቻ ገጥመህ ማቀዝቀዣውን እንዳለ ብትተወው ይህ ድካም ይብስብሃል እንጂ አይሻልህም።

አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ሱፐርቻርጀሩ ክዳን ውስጥ ነው። ሙቀቱን የሚወስደው ውሃ ነው። ውሃውን አንዲት የኤሌክትሪክ ፓምፕ እየገፋች መኪናው ፊት ለፊት ወዳለ ትንሽ ራዲያተር ታደርሰዋለች። ይህ የውሃ መስመር ከሞተሩ ራዲያተር የተለየ ነው። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩ ሙቀት መደበኛ እያሳየ እንኳ ይኸኛው ውሃ ከልክ በላይ ሞቆ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያ ገንዘብህን እዚህ ላይ አውጣ። ከፊት ያለውን ራዲያተር በትልቅ ቀይረው። ፓምፗንም ከፍ ባለች ተካት። የውሃ መያዣውን ማስፋትም ይረዳል፤ ብዙ ውሃ ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ሥራው ሲያልቅ መስመሩ ውስጥ አየር መቅረት የለበትም። መካኒኩ ውሃውን በቫኪዩም ይሙላው፤ የታፈነ አየር ካለ አዲሷም ፓምፕ ዋጋ የላትም።

ከዚያ በፊት ግን ለካ። ይህን አደራ እልሃለሁ። ከመኪናው ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ሰካና ሦስት ነገሮችን መዝግብ፦ የሚገባውን አየር ሙቀት፣ የብልጭታውን ጊዜና በማንኳኳት ምክንያት ብልጭታው የዘገየበትን መጠን። ምንም ሳትቀይር በፊት የነበረውን ካላወቅክ በኋላ የተሻለውን በምን ታውቀዋለህ? እግረ መንገድህን የሲሊንደሮቹን ግፊት አስለካ። ካንዴላዎቹን አውጥተህ እያቸው። መኪናው ካንተ በፊት በማን እጅ እንደነበረ፣ ምን እንደተደረገበት የሚነግሩህ እነሱ ናቸው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ደግሞ ከሱፐርቻርጀሩ ፊት የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለ ልብ በል። ውስጡ ያለችው ባለ ስፕሪንግ ማያያዣ ትላላና መንኮሻኮሽ ትጀምራለች። በዚህ ሞተር ላይ የታወቀ ነገር ነው። መጠገን ይቻላል፤ ግን ፍጥነቱን ከመጨመርህ በፊት ይሁን።

ፍሬኑን በተመለከተ፣ ብሬምቦ የተባለው ኩባንያ የሠራው፣ ከፊት ባለ ስድስት ፒስተን ነው፤ ጥሩ ነው። መኪናው ግን ወደ 1,900 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ፍጥነት ከ100 ወደ 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚያጠፋው ኃይል አራት እጥፍ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ዲስኩና ሸራው ላይ ያርፋል፤ ቀጥሎ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሄዳል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ ነው ደረጃው የሚያዘው። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ውሃ ሲጠጣ ደረጃው የሚጠብቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ከፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው አይቆምም። ስለዚህ የፍሬን ዘይቱን ዛሬውኑ አስቀይር። ሸራውንም ሙቀት በሚችል ቀይር። ትላልቅ ዲስኮች አያስፈልጉህም፤ በዚህ ላይ የሚያግባባህን ሻጭ አትስማው።

ጎማው ላይም አትሰስት። የፋብሪካው ልክ ከፊት 255/40፣ ከኋላ 285/35፣ ሁሉም ለ19 ኢንች ቸርኬ ነው። ጥርሱ ገና ነው ብለህ አትታለል። ጎማው ጎን ላይ DOT ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሃል። 2316 ካለ እ.ኤ.አ. በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ ያረጀ ጎማ ደርቆ ጠንክሯል። ከኋላ በሚገፋ መኪና ላይ 747 ኒውተን ሜትር ጉልበት በደረቀ ጎማ መርገጥ ሕይወት ላይ መፍረድ ነው። እንዲህ አጥብቄ የምናገርህ ስለምወድህ ነው።

አሞርዛቶሩን ግን አትንካው። ውስጡ የብረት ቅንጣት ያለው ዘይት ነው። የኤሌክትሪክ ማግኔት ዘይቱን በሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ያጠነክረዋል፣ ያላላዋል። መኪናውን ወደ መሬት ዝቅ ለማድረግ ብሎ ይህን አውጥቶ መጣል ያሳዝናል። ካፈሰሰ በዚያው ዓይነት ተካው፤ ሌላ አትጨምርበት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተሠርቶ ካለቀ ፑሌጃዋን ከካርቶኗ አውጣ። ግን ብቻዋን አትገባም። አየሩ ሲበዛ ነዳጁም መብዛት አለበት። ስለዚህ ነዳጁን የሚረጩት ኢንጀክተሮችና የነዳጅ ፓምፑ ይበቁ እንደሆነ ይጠና። ኮምፒውተሩም ለአዲሱ አየር እንደገና ይስተካከል። የሚያስተካክለውን ሰው በጥንቃቄ ምረጥ። ትልቅ ቁጥር የሚነግርህን ሳይሆን መዝገቡን የሚያሳይህን። ሞተሩ ሙሉ ሲረገጥ በቤንዚን የአየርና የነዳጁ መጠን ከ11.5 እስከ 12 ለ1 አካባቢ ካልሆነ ወይም ማንኳኳት ካለ፣ «ምንም አይደል» የሚል ሰው እጅ ላይ መኪናህን አትተው። የኤልኤስኤ ፒስተኖች ከቀለጠ አሉሚኒየም ፈሰው የተሠሩ ናቸው። ታላቅ ወንድሙ፣ የኮርቬት ዜድአር1 ሞተር፣ በግፊት ተቀጥቅጠው የተሠሩ ፒስተኖች አሉት፤ የሚችለውም የበለጠ ነው። ያንተው ማንኳኳትን ለረጅም ጊዜ አይታገስም።

ኢታኖል ያለበት ነዳጅ፣ ኢ85 የሚሉትን፣ የምታገኝ ከሆነ ነገሩ ይቀልልሃል። ኦክቴኑ ከፍተኛ ነው፤ ሲተንም አየሩን በጣም ያቀዘቅዛል። ማንኳኳትን የሚከላከል ጥሩ ነዳጅ ነው። ግን ከቤንዚን ሲሦ ያህል የበለጠ ይፈጃል። ኢንጀክተርና ፓምፕ መቀየር ግድ ይሆናል። የኢታኖሉ መጠን ከማደያ ማደያ ስለሚለያይም መጠኑን የሚለካ ሴንሰር አስገጥም።

ማርሚታና የጭስ ቧንቧ ደስ ይላል፣ ድምፁም ያምራል፤ ጉልበትም ይጨምራል። የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ካታሊስት ግን አታውጣ። በብዙ አገር ሕግ ይከለክላል፤ ሽታውንም ልጆችህ መተንፈስ የለባቸውም።

ፍሪሲዮኑን ደግሞ አስብበት። ባለ ሁለት ዲስክ ነው፣ ጠንካራ ነው፤ ለፋብሪካው ጉልበት የተሠራ ግን ነው። ማርሽ ከፍ አድርገህ ሙሉ ስትረግጥ የሞተሩ ዙር ብቻ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ዳይኖ፣ ማለትም የመኪና ጉልበት ስለሚለካው ማሽን። የሚለካው ጎማው ጋ የደረሰውን ጉልበት ነው። 556 ያለው ፋብሪካው ግን ሞተሩ ላይ የለካውን ነው። ስለዚህ ያነሰ ቁጥር ሲወጣ አትደንግጥ። የሁለት ቤት ዳይኖንም አታወዳድር። ከሥራው በፊትና በኋላ በአንዱ ዳይኖ፣ በአንዱ ማርሽ ይለካ። ከዚያ ደጋግመህ አስረግጠው። የመጨረሻው ከመጀመሪያው ብዙም ካልወረደ ማቀዝቀዣህ ሠርቷል። እኔ ከትልቁ ቁጥር ይልቅ ይህንን ልየው እወዳለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ 650 የሚያወጣ መኪና ከሚሰጡኝ ሁልጊዜ 580 የሚሰጠውን እመርጣለሁ።

ስትሞክረውም እባክህ በተዘጋ የውድድር ሜዳ ላይ ይሁን። ማሻሻያዎቹንም ለኢንሹራንሱ አሳውቅ፤ ሳያውቁ አደጋ ከደረሰ ክፍያ ሊከለክሉህ ይችላሉ።

መልስህን እጠብቃለሁ። መኪናው ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? ከዚህ በፊት ተነካክቷል ወይስ እንደ ፋብሪካው ነው? መዝገቡን ስታወጣ ላክልኝ፤ የአየሩን ሙቀት መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን። ያልገባህ ካለ ሌሊትም ቢሆን ደውል። ቁጥሬ የድሮው ነው።

ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እህትህንም ስለነገረችኝ አመስግንልኝ።

ወንድምህ፣
ሰለሞን