ለልጄ፦ ስለ 31ዱ እና ስለ 74ቱ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔና እናትህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሙቀቱ በቀር ደኅና ነን። አክስትህ ትናንት ማታ ከሐረር ደውላ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ ስላደረ፣ በስልክ ከምቆጣህ ይልቅ ረጋ ብዬ ልጽፍልህ ወደድሁ።

ለ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና መለማመጃ በሆነው በመጀመሪያው ሞዴል ፈተና በሒሳብ 31 ማግኘትህን፣ በሁለተኛው ደግሞ 74 ማምጣትህን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ መምህርህ የአንተንና አጠገብህ የተቀመጠውን ጓደኛህን የመልስ ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ሲያዩ የሳታችኋቸው ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ሆነው፣ የመረጣችሁት የተሳሳተ ፊደልም አንድ ዓይነት ሆኖ አግኝተውታል። ትክክለኛው መልስ አንድ ስለሆነ ሁለት ልጆች ለየብቻቸው ሠርተው ሊገናኙበት ይችላሉ። ስሕተቱ ግን በየጥያቄው ሦስት ነው፤ ከጥያቄ ጥያቄ በዚያው ስሕተት ላይ መገናኘት በአጋጣሚ አይሆንም። ልጄ፣ የሰው ወረቀት አትይ።

በ31ዱ አልቆጣህም፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን እንድትረዳው እፈልጋለሁ። አራት ምርጫ ባለው ፈተና ጥያቄውን ሳያነብ በዘፈቀደ የሚያጠቁር ልጅ እንኳ በአማካይ ከመቶ 25 ያገኛል። ስለዚህ ከ31ዱ ውስጥ በእርግጥ ዐውቀህ የሠራኸው ጥቂት ነው። ይህ ያማል፤ ነገር ግን እውነት በመሆኑ መምህርህም እኔም ከየት መጀመር እንዳለብን ይነግረናል። 74ቱ ግን ለማንም ምንም አይነግርም፤ ችግርህን ሸፍኖ 9ኛ ክፍል ድረስ ይሸኝሃል፣ እዚያ ጥሎህ ይመለሳል።

ይህን የምልህ ከሰው ሰምቼ አይደለም። ከሱቃችን ማዶ ጎማ የሚጠግነውን፣ ስታልፍ ሁልጊዜ ጠርቶ ስለ ትምህርትህ የሚጠይቅህን ሰውዬ ታውቀዋለህ። እናትህ እንኳ ለምን እርሱ ፊት አንገቴን እንደምደፋ ጠይቃኝ አልመለስሁላትም። በ1979 ዓ.ም. የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ የተፈተንነው አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለነበር ጥያቄውን አንብቦ መረዳቱ ራሱ ለብዙዎቻችን ዳገት ነበር፤ እርሱ ግን ሒሳብ እንደ ውኃ ይፈስለት ነበር። ከፊቴ ተቀምጦ ስለነበር በትከሻው ላይ እያየሁ ገለበጥሁ። ወረቀቱን ወደ ጎን አድርግልኝ ብዬ በእርሳስ ጀርባውን ስነካው ዞር አለ፤ ፈታኙም ያዩት ሲዞር ነው። ወረቀቱን ቀምተው ከክፍል አስወጡት። እኔ ተነሥቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። አጎንብሼ ማጥቆሬን ቀጠልሁ።

በዚያ ዘመን ውጤት የሚነገረው በፐርሰንታይል ነበር፤ 90 አገኘ ማለት ከመቶ ጥያቄ 90ውን መለሰ ሳይሆን ከመቶ ተፈታኝ 90ውን በለጠ ማለት ነው። እኔ በሰው ዕውቀት ከፍ ባልሁ ቁጥር ሌሊት በኩራዝ ያጠና ልጅ ወደ ታች ተገፍቷል ማለት ነው። እኔ አለፍሁ፣ ጓደኛዬ በዚያው ከትምህርት ቀረ። ያለፍሁት እኔም ከ10ኛ ክፍል አልዘለልሁም፤ ሰነፍ ስለነበርሁ ሳይሆን ክፍልፋይን ሳላውቅ እኩልታ ውስጥ ስለገባሁ ነው። ዛሬም ለደንበኛ 15 በመቶ ቫት ለማስላት ማሽን ፍለጋ እጄን ስሰድ ያ የፈተና ክፍል ይመጣብኛል። ይቅርታ ሳልጠይቀው 38 ዓመት አለፈ። አሁንም እልሃለሁ፣ የሰው ወረቀት አትይ።

ደግሞ «ሁሉም ይኮርጃል» እንዳትለኝ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በጥብቅ ቁጥጥር ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016ም ቁጥሩ ከ5.4 በመቶ አላለፈም። እነዚያ ልጆች 12ኛ ክፍል ሲደርሱ አልሰነፉም፤ ጉድለታቸው እንደ አንተ በመካከለኛ ደረጃ ላይ የጀመረ፣ ማንም በጊዜ ያላየላቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ። የአንተ ግን ዛሬ ታይቷል፤ ጊዜም አለህ። ስለዚህ ነው በ31ዱ ያልተቆጣሁት፣ በ74ቱ ግን ያለቀስሁት።

አሁን የምልህን ፈጽም። ስልክህን ፈተናው እስኪያልቅ ለአክስትህ አስረክብ፤ ይህ ልመና አይደለም። ሒሳብን ከክፍልፋይና ከራሽናል ቁጥሮች ጀምር፤ ካሬ ሥርና እኩልታ ላይ ከዚያ በኋላ ትደርሳለህ። በቀን ዐሥር ጥያቄ ይበቃሃል፤ የሳትኸውን ግን ለምን እንደሳትህ ከጎኑ ጻፍ። ለክልላዊው ፈተና ሁለት እርሳስና ጥሩ ላጲስ ያዝ። የማታውቀውን ጥያቄ ዝለለውና ኋላ ተመለስበት፤ ስትዘል ግን በመልስ መስጫው ላይ ተራ ቁጥሩ እንዳይዛባብህ ተጠንቀቅ። ባታውቀውም የሰው ወረቀት አትይ። 40 ይዘህ ብትመጣ በሩን ከፍቼ የምቀበልህ እኔው ነኝ።

እናትህ በርበሬና ጭኮ በአውቶቡስ ልካልሃለች፤ ከአክስትህ ልጆች ጋር ተካፈል። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ሳይጀመር ወደ መምህርህ ሂድና 74ቱ የአንተ እንዳልሆነ በራስህ አፍ ንገራቸው፤ የጓደኛህ ጥፋት እንዳልሆነም ጨምር። እኔ ቅዳሜ እመጣለሁ። የ31ዱን ወረቀት እንዳትጥለው፣ አብረን እንሠራዋለን።

አባትህ