«የለም» አትበይ፦ ደብዳቤ ለልጄ ለሥምረት

ይድረስ ለልጄ ለሥምረት፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ትንሽ አሞት ነበር፤ አሁን ተሽሎት እንደ ወትሮው ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ወጣ ብሎ ይመለሳል። እሑድ ስትደውይ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር የስልኬ ባትሪ አለቀና ወሬያችን መሐል ላይ ተቆረጠ። ለጥናትሽ የጣና ገዳማትን ጉልት፣ ማለት የተሰጣቸውን መሬት፣ ኮምፒውተር ላይ ስትፈልጊ እንደሰነበትሽ እየነገርሽኝ ነበር፤ ከመቆረጡ በፊት የሰማሁት የመጨረሻ ቃል «እማ፣ ስለ ጣና እኮ ምንም የለም» የሚል ነው። ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ በወረቀት ጻፍኩት፤ ወንድምሽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል። የእጅ ጽሑፌ ካልተነበበሽ እሱን ጠይቂው፣ ለምዶታል።

«የለም»ን እኔ አውቃታለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ በቀን ስንት ጊዜ እንዳልኳት እግዜር ይቁጠረው። አንድ የታሪክ መምህር ነበሩ፤ ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው አይለይም። አንድ መጽሐፍ ፈልገው በየመንፈቁ ይመጣሉ። እኔም የደራሲውን ስም ሰምቼ መሳቢያውን እስባለሁ፣ ካርዶቹን በጣቴ እገለብጣለሁ፣ «የለም ጋሼ» እላለሁ። «እሺ ልጄ» ብለው ይወጣሉ። አንድ ቀንም አልተቆጡም። ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላ ቆጠራ ስናደርግ መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ አገኘሁት። ጀርባው ሳይሰበር፣ አንድ ሰው እንኳ ሳይዋሰው። ካርዱን አውጥቼ ባየው የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው! ሥልጠና ልከውኝ የተመለስኩ ሰሞን፣ በፈረንጅ ደንብ የአባቱን ስም አስቀድሜ፣ የራሱን ስም አስከትዬ መዝግቤዋለሁ። እሳቸው ደግሞ እንደ ማንኛችንም በራሱ ስም ነው የሚጠሩት። ያን ቀን ቤት ገብቼ ለአባትሽ እንኳ አልነገርኩትም። ከዚያ ወዲህ ለማንም «የለም» አላልኩም፤ «አላገኘሁትም» ነው የምለው።

አንቺ የምትፈልጊበት ኮምፒውተር ከእኔ መሳቢያ አይለይም፤ የሰጡትን ስም ብቻ ነው የሚያውቀው። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን አንዱ ዳታቤዝ በ«ባሕሩ» ሌላው በ«ዘውዴ» ያስቀምጣቸዋል፤ ታደሰ ታምራትም እንደዚሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ሞክሪ። የራስሽን ስም እንኳ ተመልከቺ፦ ክርስትና ስትነሺ ቄሱ በ«ሠ» ጻፉሽ፣ የስምንተኛ ክፍል ካርድሽ ላይ በ«ሰ» መጣሽ፣ ፓስፖርትሽ ላይ ደግሞ እኔም የማላውቃት ልጅ ሆነሽ ወጣሽ። አንድ ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ከተለዋወጠ፣ አምስት መቶ ዓመት የኖረ ገዳም ስንት ስም ይኖረው?

አሁን ወደ ጣናሽ ልመልስሽ። በእንግሊዝኛ ፊደል «ጣና» ብለሽ ጽፈሽ ያልመጣልሽ የድሮ ፈረንጆች ጣና ስለማይሉት ነው። «ጻና» ነው የሚሉት፤ በግእዝም ጻና ተብሎ ይጻፋል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ በቲና በዜድ ይጀምረዋል፣ ሌሎቹ በቲና በኤስ። ከእሱ በፊት የመጡት ኢየሱሳውያን፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ፣ ደግሞ ሐይቁን በዳርቻው አገር ስም ደምቢያ ይሉታል። ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በ1894 ዓ.ም. የተዋዋሉትን ውል ታውቂያለሽ፤ በዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ወንዝ ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ያለበት። በእንግሊዝኛው ቅጂ ሐይቁ «ጻና» ነው። ከዚያ በኋላ በሐይቁ ላይ ሊሠራ ስለታሰበው ግድብ የተጻጻፉትንም በዚህ ስም ፈልጊ። እሑድ ማታ መብራት ሲመጣ በወንድምሽ ስልክ ኢንተርኔት አርካይቭ በሚባለው የድሮ መጻሕፍት በነፃ የሚነበቡበት ድረ ገጽ ላይ እኔው ሞከርኩት። ዓይኔ እስኪደክም ወረደልኝ። ፓኬጁን ጨረስሽብኝ ብሎ እስካሁን ያኮርፋል።

በግእዝ ፊደል በሚፈለግበትም ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ እያልሽ እየቀያየርሽ ሞክሪ። ማሽኑ እንደ እኔና እንደ አንቺ በጆሮው አይሰማም፣ በዓይኑ ብቻ ነው የሚያየው።

የክብራንን ደሴት ገዳም ታስታውሻለሽ? ስድስተኛ ክፍል ሳለሽ በጀልባ ሄደን አባትሽና ወንድምሽ ወርደው ሽቅብ ወጡ፤ ሴት አይገባምና እኔና አንቺ ጀልባው ላይ ቀረን። ለስላሳሽን እየጠጣሽ «እማ፣ እዛ ላይ ምን አለ?» አልሽኝ። «መጽሐፍ» አልኩሽ፤ ከዚያ በላይ እኔም አላውቅም ነበር። ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት ግን በ1968 እ.ኤ.አ. በደሴቶቹ ያሉትን ብራናዎች በማይክሮፊልም አንስቶ፣ የክብራን ገብርኤልን ካታሎግ በ1973 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። መጽሐፎቹን በሐይቁ የጀርመንኛ ስም «ታናዜ» እያለ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። «ታናዜ 9» ውስጥ መጽሐፈ ሄኖክ አለ፤ ሊቃውንቱ ከቀደምቶቹ የግእዝ ቅጂዎች አንዱ አድርገው የሚጠቅሱት ነው። ከጀልባችን ሁለት መቶ እርምጃ ይርቅ ይሆን? የጀርመኑ የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የብራና ዳታቤዛቸውን በእኛው ቃል «ቤተ መጻሕፍት» ብለውታል፤ ክፍያም አይጠይቅም። እዚያ ገብተሽ ቁጥሩን ጥሪው። ያን ቀን የጠየቅሽኝን አሁን ራስሽ መመለስ ትችያለሽ።

ትልቁ ክምችት ግን አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ውስጥ ያለው የሂል የብራና ቤተ መዘክር ከእኛ ቤተ ክህነት ጋር ተስማምቶ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። መነኩሴ የመነኩሴን መጽሐፍ ሲጠብቅ ደስ ይለኛል። ካታሎጉን በአብዛኛው የሠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው ሰውነታቸው ሽባ ከሆነ በኋላ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው። ስንት ሺህ ብራና አንድ በአንድ! እኔ በሁለት እግሬ ቆሜ አንድ ካርድ አበላሸሁ። የታተመው ካታሎግ 10 ቅጽ ሆኖ እስከ ቁጥር 5000 ይደርሳል። ከዚያ በላይ ላለው መግለጫው አጭር ሆኖ ብታገኚው ተስፋ አትቁረጪ፤ ምስሉን ከፍተሽ ራስሽ አንብቢ። በኢንተርኔት ያለው የንባብ ክፍላቸው በነፃ ይመዘግብሻል።

ሥራሽ የገዳማቱ ጉልት ነው አይደል? እንግዲያው «መሬት» ወይም «ጉልት» እያልሽ ብቻ አትፈልጊ። አባቶች የመሬት ስጦታን የሚጽፉት በሚያከብሩት መጽሐፍ ላይ ነው፤ በወንጌሉ ባዶ ቅጠል፣ በኅዳጉ፣ ከመጽሐፉ መጨረሻ። ካታሎጉ አርእስቱን «አራቱ ወንጌላት» ብሎ ያልፈዋል። የአንቺ ነገር ያለው ታች፣ በኋላ የተጨመሩ ጽሑፎች በሚዘረዘሩበት፣ በደቃቅ ፊደል ነው። ሰው ዘሎት የሚያልፈው ቦታ። ሎንደንም እንደዚሁ ነው፦ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተወሰዱት ብራናዎች ብዙዎቹ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ያሰባሰቧቸው ናቸውና የጎንደርን መሬት የምትፈልጊው በእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት የወንጌል ኅዳግ ላይ ነው። ይህን ስጽፍልሽ ደሜ ይፈላል፤ ግን ተናድዶ ከመቀመጥ ማንበብ ይሻላል።

ፈረንሳዊው ተጓዥ ዳባዲ የሰበሰባቸው፣ አሁን ፓሪስ ያሉት ብራናዎች ጋሊካ በሚባለው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል፣ በነፃ። ለመጣጥፍ ጄስቶር የሚባለው የጥናት መጽሔቶች ድረ ገጽ አለልሽ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጽሔት እዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲሽ ባይከፍልልሽም በኢሜይልሽ ከተመዘገብሽ በወር እስከ 100 ጽሑፍ ስክሪን ላይ ያስነብብሻል። ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣው የፈረንሳዮቹ መጽሔት አናል ዴትዮፒ ደግሞ ፐርሴ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነው፤ ፈረንሳይኛው አያስፈራሽ፣ እንግሊዝኛም ይገኝበታል።

ዘመን ላይ ተጠንቀቂ። ፈረንጁ 1896 ሲል የእኛ 1888 መሆኑን ለዓድዋ ሁሉም ያውቃል፣ ለሌላው ግን ሁሉም ይረሳል። ብራናው ላይ ደግሞ ዓመተ ዓለም፣ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ የሚቆጠረውን፣ ታገኚያለሽ፤ 5500 ስትቀንሺ የእኛ ዓመት ይመጣል። 7000 ያለው 1500 ዓ.ም. ነው ማለት ነው። ማስታወሻሽ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልጻፍሽ ከሁለት ወር በኋላ ራስሽም አታውቂውም።

ያገኘሽውን ነገ እመለስበታለሁ ብለሽ አትተይ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የኮምፒውተር ሌቦች የእንግሊዝን ቤተ መጻሕፍት ሲመቱት ዲጂታል ብራናዎቹ ለረጅም ጊዜ ከዓይን ጠፉ። ሊንኩን ብቻ የያዘ ተማሪ ባዶ እጁን ቀረ፤ የመደርደሪያ ቁጥሩንና የቅጠሉን ቁጥር የጻፈ ግን ቢያንስ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ለአንቺ ወረቀት ደብተር ገዝቻለሁ። አትሳቂ።

ካሜራ ያልደረሰበት ብራና ደግሞ እዚሁ ዓይናችን ሥር አለ። ለጥምቀት ስትመጪ ዘጌ እንሂድ፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ይገባል። ሴት ወደማይገባባቸው ዳጋና ክብራን ደሴቶች ወንድምሽ ይሄድልሻል፤ ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ አስቀድመሽ አውጪ። አባቶችን ሲያነጋግር መጀመሪያ ይሳለም፣ ስልኩን ከኪሱ አያውጣ፤ አሳዩኝ ሳይሆን ንገሩኝ ብሎ ይጀምር። በፈቃድ የሚታየው ከታየ በኋላ ምን ቁጥር እንዳለው ከዳታቤዙ ጋር ታመሳክሪያለሽ።

ሽሮና በርበሬ በዛሬው አውቶቡስ ልኬያለሁ፤ ነገ ከሰዓት መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበዪ። ድርቆሽ ከታች ነው፣ እንዳይሰበር ቀስ ብለሽ አውጪው። ካርቶኑ ላይ ስምሽን በአንድ በኩል በ«ሠ»፣ በሌላው በኩል በ«ሰ» ጽፌበታለሁ፤ የአባትሽንም ስም ጨምሬያለሁ። ሰውየው «በዚህ ስም የለም» ካለሽ፣ አዙሮ እንዲያየው ንገሪው።

እናትሽ
ከባሕር ዳር