ደብዳቤ ለልጄ፦ ሲሙ በስምሽ ይሁን

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣

ጎረቤት ልትሰናበቺ እንደወጣሽ ነው ይህን የምጽፍልሽ። በቴሌግራም ብልክልሽ ይቀለኝ ነበር፤ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ስልክሽ መስመር ላይኖረው ይችላል። ወረቀት ቻርጅም ካርድም አይጠይቅም። ዛሬ ማታ አንዴ አንብቢው፤ ዱባይ ስትገቢ ደግሞ ድገሚው።

ቤይሩት ስለነበርኩበት ጊዜ ብዙ ነግሬሽ አላውቅም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው የሄድኩት። ስልኩ ሳሎን ውስጥ ነበር፤ ማዳም ካልፈቀደች አይነካም። ከቀናኝ በወር አንዴ ጥቂት ደቂቃ እደውላለሁ። ደሴ እኛ ቤት ስልክ ስላልነበረ የምደውለው ጎረቤት ዘንድ ነው። እናቴን ጠርተዋት እየሮጠች እስክትመጣ ደቂቃው ያልቃል። ብዙ ጊዜ የሰማሁት ስትመጣ የምታለከልከውን ብቻ ነው።

አያትሽ ኅዳር ላይ ዐረፈች። አጎትሽ ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ያነሳችው ማዳም ናት፤ ለኔ ግን አልነገረችኝም። መርዶዬን የሰማሁት አርባዋ ከወጣ በኋላ፣ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ደረጃው ላይ ካገኘኋት አንዲት ያገር ልጅ ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ራት አቀረብኩ።

ለዚህ ነው አደራዬ አንድ ነገር ላይ የሚጠና፦ የአሠሪሽን ዋይፋይ ብቻ ተማምነሽ አትቀመጪ። ደግ ሰዎች ይሆኑ ይሆናል፣ ይለፍ ቃሉንም በመጀመሪያው ቀን ይሰጡሽ ይሆናል፤ ተጠቀሚበት፣ አመስግኚም። ነገር ግን የተቆጡ ዕለት ሊቀይሩት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ነው ደግሞ አንቺ እኔን በጣም የምትፈልጊኝ። ስለዚህ የራስሽ ሲም፣ በራስሽ ስም፣ በራስሽ ገንዘብ ይኑርሽ። እዚያ የታወቁት የስልክ ድርጅቶች ኢቲሳላት (አሁን e& የሚባለው) እና ዱ ናቸው። ሲሙ የሚመዘገበው በኢሚሬትስ መታወቂያ ስለሆነ መታወቂያሽ እስኪወጣ መታገስ ይኖርብሽ ይሆናል። በወጣ ማግስት ግን ሂጂ፤ መታወቂያው ጊዜው ካለፈበት መስመሩም ስለሚዘጋ የሚታደስበትን ቀን ያዢ። የመጀመሪያ ደሞዝሽን ስትቀበዪ ለኔ ከመላክሽ በፊት ሲም ግዢበት፣ ዳታም ሙዪበት። ቅር አይለኝም። ለኔ ከምትልኪው ብር ድምፅሽ ይበልጥብኛል።

መታወቂያውም ሆነ ፓስፖርቱ በአገሩ ሕግ ካንቺ ጋር ነው መሆን ያለበት። የሁለቱንም ፎቶ ላኪልኝ።

ስለ ጥሪው ደግሞ አስቀድመሽ እወቂ፣ ኋላ እንዳትደናገጪ። ዱባይ ላይ በዋትሳፕ መጻፍ፣ ፎቶ መላክ፣ ድምፅ ቀድቶ መላክ ይቻላል፤ መደወል ግን አይሠራም። ስልክሽ ተበላሽቶ እንዳይመስልሽ፤ አገሩ ነው የዘጋው። ከተፈቀዱት አንዱ ቦቲም የሚባለው የመደወያ መተግበሪያ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ትናንት ለኔም ጭናልኛለች፤ አንቺም ኮዱ በኢትዮጵያ ቁጥርሽ እንዲመጣልሽ ዛሬውኑ ጫኚው። ሲም ስትገዢ ለቦቲም ለብቻው የጥሪ ፓኬጅ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቂ። እዚያ ያሉት ሴቶች የተዘጋውን የሚያስከፍተውን ቪፒኤን ጫኚ ይሉሽ ይሆናል። እዚያ በቪፒኤን ተደብቆ የተከለከለ ነገር መሥራት ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ያስቀጣል። እንዲህ ያለ ዕዳ ውስጥ ገብተሽ ከምትደውዪልኝ ድምፅሽን ቀድተሽ ብትልኪልኝ ይሻለኛል። የተቀዳው ደግሞ ደሴ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋም ሲመለስ ይገባልኛል፤ ሌሊት ደጋግሜም እሰማዋለሁ።

የኢትዮጵያ ሲምሽን አትጣዪው። የባንክሽ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በሱ ነው፤ ቴሌግራምሽም የተከፈተው በሱ ነው። ረጅም ጊዜ ካልሠራ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ ቴሌግራሙ ላይ ተጨማሪ የይለፍ ቃል አድርጊበት። ቦሌ ከመነሳትሽ በፊት የሮሚንግ ዳታውን፣ ማለትም ውጭ አገር በዚሁ ሲም የሚሠራውን ኢንተርኔት አጥፊ፤ ሳታውቂው ሒሳብሽን ይበላዋል።

ኔት ሁሉ ቢጠፋስ? ያኔ በተራ ስልክ ነው። ቁጥሬን በቃልሽ ያዢ። ስልኩ ውስጥ አለ ብለሽ አትተዪው፤ ስልኩ ሊወሰድ ይችላል። 00251 ብለሽ መጀመሪያ ያለውን 0 ትተሽ ከ9 ጀምሪ። በቀሚስሽ ገበር ላይም በክር ጠልፌልሻለሁ፤ ስትለብሺው ታገኚዋለሽ። ሰዓቱ እዚያ ከኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ግን ሌሊትም ቢሆን ደውዪ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁለታችን ብቻ። አማርኛ የሚሰማ ሰው፣ ደላላም ይሁን ሌላ፣ አጠገብሽ ቆሞ የልብሽን መናገር ካቃተሽ «እማማ እንዴት ናት?» ብለሽ ጠይቂኝ። አያትሽ እንደሌለች እኔና አንቺ እናውቃለን። «ደህና ናት» እልሻለሁ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። የኮንትራትሽን ኮፒ ይዤ በማግስቱ ኤጀንሲው ደጅ እገኛለሁ፤ ዱባይ ያለው ቆንስላችንም እንዲያውቅ አደርጋለሁ።

ዱባይ ኤርፖርት ነፃ ዋይፋይ አለ። ሊወስድሽ የመጣ ሰው ቢቸኩልም ከመውጣትሽ በፊት እሱን ከፍተሽ ላኪልኝ። ባንክሽን ግን በዚያ ዋይፋይ አትክፈቺ። «ደረስኩ» ብለሽ በድምፅ ነው የምትልኪልኝ፤ አትጻፊ። በስልክሽ ሌላ ሰው ሊጽፍ ይችላል፤ ድምፅሽን ግን አውቀዋለሁ።

ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ራስጌዬ ላይ አኖረዋለሁ። እመብርሃን ትከተልሽ።

እናትሽ