ለሞክሼዬ፣ ከኮየ ፈጬ

ሞክሼዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆችህስ? የድሬ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኔ ይመስገነው፣ ደህና ነኝ።

ከተኮራረፍን 11 ዓመት ሆነን። ያን ቀን በስልክ «ያ መጽሐፍ ወንድሜን በላው» አልከኝ። እኔ ደግሞ «መጽሐፍ ሰው አይበላም፤ ሰውን የበላው ሰው ነው» ብዬ መለስኩልህ። ልክ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። የወንድሙን ሬሳ እንኳ ካላገኘ ሰው ጋር ክርክር አይገጠምም። ስልኩን ስትዘጋው ገባኝ፤ መልሼ ግን አልደወልኩም። ይቅር በለኝ።

አሁን የምጽፍልህ ስለዚያው መጽሐፍ ነው። እንዳትቀየመኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ሰፈራችን መፍረሱን ሰምተሃል መሰለኝ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈረሰ። ዕቃዬን ስሸክፍ ከእናቴ ሣጥን ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ስፈታው የካርል ማርክስ «ካፒታል» ነው፤ አንደኛው ቅጽ፣ ሞስኮ ያለው ፕሮግረስ ማተሚያ ቤት በእንግሊዝኛ ያሳተመው። በ1969 ደርግ ቤት ለቤት ባደረገው አሰሳ ሰሞን ወንድምህ «ለጥቂት ቀን ያዝልኝ» ብሎ የሰጠኝ ነው። የተቃጠለ መስሎኝ ነበር። እናቴ ለካ በርበሬ ጆንያ ውስጥ ደብቃው ኖሯል። የገጾቹ ጠርዝ እስከ ዛሬ ቀይ ነው። ስትገልጠው ያስነጥስሃል።

አሁን የምኖረው እዚህ ኮየ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት መስኮት ስከፍት ብሎክ ከብሎክ ጀርባ ተደርድሮ ይታየኛል። ከሁሉም ወዲያ አንዲት ቁራጭ የጤፍ ማሳ ቀርታለች። የብሎካችን ዘበኛ ከእኛ በጥቂት ዓመት የሚበልጡ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ማታ ሻይ ይዤላቸው ወረድኩ። ስንጫወት ቆይተን ዱላቸውን አነሡና የመኪና ማቆሚያውን አሳዩኝ። «አውድማዬ እዚህ ጋ ነበረ» አሉ። ዱላውን ወደ ውኃ ታንከሩ አዞሩት። «በሬዎቼን የማስረው እዚያ።» ሌላ አልጨመሩም። ሻያቸውን ጨርሰው ብርጭቆውን መለሱልኝ።

ሌሊት ሌሊት በገዛ አውድማቸው ላይ የሰው መኪና ይጠብቃሉ። እኔም ከሰፈሬ ተነሥቼ እሳቸው ማሳ ላይ ቤት ተሰጠኝ። ያን ቀን ደረጃውን ስወጣ እግሬ ከበደኝ።

በጊዜው የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997፣ የተነሣ ገበሬ የዓመት ገቢው አማካይ አሥር እጥፍ ይከፈለው ይላል። የአሥር ዓመት እህል ማለት ነው። እሳቸው ግን መሬቱን ከአባታቸው ተረክበው ለልጃቸው ሊያስረክቡ ነበር። ያው አፈር በሊዝ ለጨረታ ሲወጣ ደግሞ ዋጋው በጤፍ አይለካም። ገበሬው በእህል ተተምኖ ይወጣል፣ መሬቱ በገንዘብ ተተምኖ ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የማን ነው?

የሰዘርላንድን ታሪክ ታስታውሰዋለህ? መጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ያለውን። እ.አ.አ. ከ1814 እስከ 1820 ባለው ጊዜ የሰዘርላንድ ዱቼስ የምትባል የስኮትላንድ ባላባት 15,000 ያህል ሰው፣ ወደ 3,000 ቤተሰብ፣ ከመሬቱ አስነሣች። መንደሩ ፈረሰ፣ ተቃጠለ፣ እርሻው የበግ ግጦሽ ሆነ። በ1825 በሰዎቹ ቦታ 131,000 በግ ነበረ። ማርክስ ይህን የጻፈው እንዲሁ እንድናለቅስ አይደለም። ካፒታሊዝም የተወለደው ቆጣቢ ሰው ሳንቲም ስላጠራቀመ ነው የሚለውን ተረት ለማፍረስ ነው። መጀመሪያ ሰው ከመሬቱ ይነቀላል። ከዚያ ከጉልበቱ በቀር የሚሸጠው ስለሌለው በፋብሪካው በር ይሰለፋል። እኔና አንተ ያኔ ስናነበው የሩቅ አገር ታሪክ መስሎን ነበር። አሁን ሻይ ይዤለት የምወርደው ሰው ታሪክ ሆነ።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ አራት ልጆች አንድ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። አንዷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ የጫማዋን ኮቴ ደረጃው ላይ እሰማለሁ። አንድ እሑድ በሬን አንኳኳች። እጇ ላይ ትንሽ ካርቶን ይዛለች። ሸሚዙ ላይ የሚንጠለጠለው የዋጋ ወረቀት ነው፤ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ያንጠለጥሉታል። 24.99 ዶላር ይላል። «ጋሼ፣ ይሄ በኛ ብር ስንት ይሆናል?» አለችኝ።

አሰላሁላት። ዝም አለች። የግራ ጠቋሚ ጣቷ በፕላስተር ታሽጓል፤ በአውራ ጣቷ ፕላስተሩን ላጥ ለጠፍ ታደርገዋለች። ከዚያ «እኔ እኮ ኮሌታ ብቻ ነው የምሰፋው» አለችኝ። «ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሙሉ ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም።»

አየህ ሞክሼ፣ ባይተዋርነት የምትለዋን ቃል፣ ሠራተኛ ለገዛ ሥራው ባዳ መሆኑን፣ በ18 ዓመታችን ስንት ሌሊት ተከራክረንባታል። ልጅቷ በአንድ አፍ ነገረችኝ።

ትርፍ እሴትንም ከእሷ ጋር ቁጭ ብዬ በወረቀት ሠራሁት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ቀኑ 8 ሰዓት፣ ሳምንቱ 48 ሰዓት ነው ይላል። ከ8ቱ ሰዓት የተወሰነውን የምትሠራው ለራሷ ደሞዝ ነው። ቀሪውን የምትሠራው ለሌላ ነው፤ ትርፍ እሴት የሚባለው ያ ነው። ገባሩ በዱሮ ጊዜ ለባለርስቱ የሚያርስበትን ቀን ለይቶ ያውቀው ነበር። እሷ ግን የትኛው ሰዓት የራሷ፣ የትኛው የሌላ እንደሆነ ማየት አትችልም። ደሞዙ ሁሉንም ሰዓት የተከፈለ ያስመስለዋል። የማርክስ ትልቁ ነገር ይህን መጋረጃ መግለጡ ነው፤ እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ያስረዳኝ የለም። 24.99ኙ ሁሉ የፋብሪካው ባለቤት ትርፍ አይደለም፤ ጥጥ አለ፣ መርከብ አለ፣ የሱቅ ኪራይ አለ፣ የባንክ ወለድ አለ። ትርፉን ነጋዴውም፣ ባንኩም፣ ባለመሬቱም ይካፈሉታል። ማርክስ ይህንንም በሦስተኛው ቅጽ ሄዶበታል። ከክፍፍሉ ላይ የሌለችው ኮሌታውን የሰፋችው ብቻ ናት።

በ2011 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ መነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር ነው አለ። ባንግላዴሽ 95 ነበር። እኛን የመረጡን ለዚህ ነው። ከዚያ እ.አ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ከአጎዋ አወጣችን። ከቀረጥ ነፃው በር ሲዘጋ ትዕዛዝ ቀረ፣ ስንት ልጅ ከሥራ ተበተነ። ጦርነቱን የጀመሩት እነሱ አይደሉም፣ ውሳኔውንም አልወሰኑም። ገንዘቡ ግን ሻንጣውን ይዞ ሄደ፤ እነሱ ቀሩ።

ልጅቷን «ፋብሪካው ባይኖርስ?» አልኳት። «የት እሄዳለሁ ጋሼ? በሩ ላይ የተሰለፈውን ቢያዩት!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰልፉ ራሱ የአሠራሩ ክፍል ነው። ማርክስ የኢንዱስትሪው ተጠባባቂ ሠራዊት የሚለው እሱን ነው። ከውጭ የቆመው ሥራ ፈላጊ ከውስጥ ያለውን ዝም ያሰኘዋል።

በሞተር ዕቃ የሚያደርሰው የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ «አለቃ የለብኝም» ይለኛል። አለቃው ስልኩ ውስጥ ነው። በደረሰ ዕቃ ልክ ስለሚከፈለው ምሳውን ሞተሩ ላይ ይበላል። ስለ ቁርጥ ክፍያ ያለውን ምዕራፍ አንብበው፤ ሠራተኛው ራሱ የራሱ ተቆጣጣሪ ይሆናል ይላል። ስልክ ሳይፈጠር የተጻፈ ነው።

አንተ ግን ሁሌ «ታዲያ መጨረሻው ምንድን ነው?» ትለኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም። መፈክር ነበረኝ። ካፒታሊዝም ነገ ሊሞት ነው ብለን ጠበቅነው። እ.አ.አ. በ1929 ወድቆ ተነሣ፣ በ2008 ወድቆ ተነሣ፤ በሁለቱም ጊዜ የሰባበረው ሌላ ሰው ላይ ወድቆ ነው። ማርክስ ራሱ ስለ መጪው ጊዜ ብዙ አልጻፈም። በ1873 ለሁለተኛው እትም በጻፈው ላይ፣ ለወደፊቱ ማዕድ ቤት የወጥ አሠራር አላዘጋጅም ብሏል። አሠራሩን ያዘጋጀነው እኛ ነን። ከጥንቱ የጋራ ኑሮ እስከ ኮሚኒዝም አምስት እርከን ያለው መሰላል አቆምንና ሕዝቡን ውጣ አልነው።

እ.አ.አ. በ1881 ቬራ ዛሱሊች የምትባል ሩሲያዊት አብዮተኛ ለማርክስ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። የሩሲያ ገበሬ በጋራ የሚይዘው መሬት የግድ ፈርሶ በካፒታሊዝም ማለፍ አለበት ወይ ብላ ጠየቀችው። ደጋግሞ ረቂቅ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ በመጨረሻ አጭር መልስ ላከ። የጻፍኩት ስለ ምዕራብ አውሮፓ ነው፤ ከላዩ የተጫነው ጫና ከተነሣለት የገበሬው ማኅበር ራሱ የአዲሱ ኑሮ መነሻ ሊሆን ይችላል አለ። ሽማግሌው ማርክስ፣ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ እርግጠኛ አይደለም፤ ይጠይቃል። እኛ በ20 ዓመታችን ሁሉንም እናውቅ ነበር።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ።

«መሬት ለአራሹ» ተማሪው በ1957 ይዞት የወጣው መፈክር ነው። በየካቲት 1967 ታወጀ። ገባርነት ቀረ። ትልቅ ነገር ነው፣ እስክሞት አልክደውም። ግን አራሹ ያገኘው መጠቀሙን ነው። ባለቤቱ መንግሥት ሆነ። እኛም አጨበጨብን። ያን ጊዜ በጭቁኖች ስም ቁልፉን ለቢሮ አስረከብነው፤ ቢሮው ሰው ቀያየረ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ሶሻሊዝም ቀረ፣ ቁልፉ ግን እዚያው ኪስ ውስጥ ነው። ሽማግሌውን ከአውድማቸው ያስነሣው ያ ቁልፍ ነው። ለግንባታው መሬት ያስለቀቀው የከበርቴው መብት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስድቡ ይቀለኝ ነበር። እኛ የጻፍነው አዋጅ አለበት።

ስለዚህ ሂሱ ልክ ነው፣ መድኃኒቱን የሰጠንበት እጅ ነው የተሳሳተው። የመንግሥት መሆን የሕዝብ መሆን አይደለም። አሁን ስለ ወደፊቱ የማምነው ይህንን ያህል ነው፤ ስለ ሰዓቷ የምትወስነው ልብስ ሰፊዋ፣ ስለ መሬቱ የሚወስነው አራሹ እስካልሆነ ድረስ ስሙን ምንም በሉት፣ ሌላ ባለርስት ነው።

ትንሽ ነገር ልንገርህ። የፋብሪካው ሰርቪስ ማታ ሠራተኛ ልጆቹን አስፋልቱ ላይ ነበር የሚጥላቸው። ከዚያ እስከ ብሎኩ ሃያ ደቂቃ በጨለማ ይሄዳሉ። ባለፈው ጥር አንድ ማታ 30ዎቹም አንወርድም ብለው አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ አሉ። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። ሹፌሩ ደወለ፣ ተደወለለት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ። በመጨረሻ እስከ በራችን አስገባቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ እስከ በራችን ይመጣል። እንግሊዝ ውስጥ እ.አ.አ. በ1847 የወጣው የአሥር ሰዓት ሕግም ዓመታት የፈጀ የሠራተኛ ግፊት ውጤት ነው። ማርክስ ያን ሕግ ከብዙ ንድፈ ሐሳብ በላይ ያከብረው ነበር።

ስለ ወንድምህ። መጽሐፉን ስገልጥ የሥራ ቀን የሚለው ምዕራፍ ላይ የእርሳስ መስመር አየሁ። ሜሪ አን ዎክሊ ስለምትባል የ20 ዓመት ልብስ ሰፊ የሚያወራው ቦታ ነው። እ.አ.አ. በ1863 ለንደን ውስጥ፣ ለቤተ መንግሥት ግብዣ ቀሚስ ሲሰፋ፣ ከ60 ሴቶች ጋር 26 ሰዓት ተኩል ያለ ዕረፍት ሠርታ ሞተች። ወንድምህ ከሥሩ አስምሮበታል። ጎኑ ላይ በዚያች በተጣበቀች ጽሑፉ እንዲህ ብሏል፦ «እማዬስ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት?»

እናታችሁ ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥተው እንጀራ ጋግረው ለሆቴሉ ሲያስረክቡ ትዝ አሉኝ። ከዚያ እኛን ቁርስ አብልተው፣ ልብስ አጥበው፣ ማታ ደግሞ ሊጥ ሲያቦኩ። ማርክስ የፋብሪካውን ሰዓት በደቂቃ ቆጥሮታል፤ ምጣዱ ሥር ያለውን ሰዓት ግን አልቆጠረውም። ወንድምህ በ19 ዓመቱ አይቶታል። ለመግደል ሳይሆን ለእናቱ ብሎ ነው የሚያነበው የነበረው። ያን ቀን በስልክ ልነግርህ ይገባኝ የነበረው ይህ ነበር፤ ያኔ ግን አላውቀውም ነበር።

መጽሐፉ ያንተ ነው። በፖስታ አልልከውም። ከለቡ ጣቢያ ባቡር ይዤ ድሬ አመጣልሃለሁ። የሚመችህን ቀን ብቻ ንገረኝ።

ሞክሼህ