ኮምፒውተሩ ይቆይሽ፣ መሮውን ያዢ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ብርዱን ብቻ ነው የምትፈራልሽ።

ፊንላንድ፣ ኤስፖ ከተማ፣ አልቶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንጨት ወርክሾፕ ገባሁ ስትይኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። አንድ ነገር ግን ልምከርሽ። የተማሪ ልውውጡ ጊዜ አንድ ሴሚስተር ነው፣ ሳታስቢው ያልቃል። በኮምፒውተር መንደፉን እዚህም ትደርሽበታለሽ። እዚያ እያለሽ ከመጋዙና ከመሮው አትራቂ።

የፊንላንዱ አርክቴክት አልቫር አልቶ በ1933 እ.ኤ.አ. የነደፈውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ስቱል 60 የሚሉትን፣ ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ጥበቡ ያለው እግሩ ላይ ነው። በርች የሚባለውን የእዚያ አገር ዛፍ እንጨት ጫፍ እንደ ማበጠሪያ በቁመቱ ይሰነጥቁታል፣ በየስንጥቁ ስስ እንጨት ኮላ ቀብተው ይከታሉ፣ ከዚያ 90 ዲግሪ ያጥፉታል። ኮላው ከደረቀ በኋላ ንቅንቅ የለም። መቀመጫው ሥር በቪቴ ይታሰራል፣ በቃ፣ ማገር እንኳ አይፈልግም።

የኛ የጅማ በርጩማም እኮ ሦስት እግር ነው! ያውም ከአንድ ግንድ፣ ያለ ኮላ፣ ያለ ምስማር፣ ከዋንዛ ተፈልፍሎ። ወለሉ ቢጎረብጥም አይንገዳገድም፣ መጋጠሚያ ስለሌለውም የሚላላ ነገር የለውም። ችግሩ ከግንዱ ብዙው ፍልጥ ሆኖ መቅረቱ ነው። ክፍል ውስጥ ሥራ አቅርቢ ሲሉሽ እሱን አቅርቢ፣ እንዳታፍሪ።

ከሁሉም በላይ ግን ማድረቁን ተማሪልኝ። እዚህ እርጥብ ጣውላ ይገዛና በሳምንቱ በር ይሆናል፤ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጥና አልዘጋ ይላል፣ የሚረገመው ደግሞ አናጢው ነው። እንጨት በቁመቱ ብዙም አይቀንስም፣ የሚጠበው በጎኑ ነው፣ ስትነድፊም ለዚህ ቦታ መተው አለብሽ። ለቤት ዕቃ እርጥበቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። እዚያ በመሣሪያ ይለኩታል፣ እዚህ አብዛኛው ሰው ዳብሶና አንኳኩቶ ነው የሚገምተው። ስለዚህ ማድረቂያውን አሳዩኝ በያቸው፤ ስንት ቀን፣ በስንት ሙቀት፣ እንዴት ደርድረው፣ በየጣውላው መሃል ምን አስገብተው፣ አንዱንም ሳታስቀሪ ጻፊው።

እግሩን ስትሠሪ ስንጥቁን ከቅርብ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ስፋቱ ስንት ሚሊ እንደሆነም ጻፊበት። እኔ እዚህ በዋንዛ ልሞክረው ነው።

አባትሽ